አቡጀዲ የተሰፋበት ፖስታ

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ የምትፈርመው እንኳ በአውራ ጣቷ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በማስተምርበት የሴቶች ማኅበር፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ተቀብለው ወሩ ሳይጋመስ ባዶ ኪስ ለሚቀሩ ልጃገረዶች ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሁሉ የእሷ ነው። «ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይከፋፈላል» እላቸዋለሁ። «የቤት ኪራዩ ለብቻ፣ የምግቡ ለብቻ፣ የመድኃኒቱ ለብቻ። አንዱ ሲያልቅ ከጎረቤቱ መበደር የለም።» ባለፈው ሳምንት አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣችና «እትዬ ራውያ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ ነገርስ ከየት ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አላጣሁም፤ እንደ ወጉ ነገርኳት። ቤቴ ስገባ ግን እራቴን ሳልበላ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አል-ማሐላ ከተማ፣ ከሽመና ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ እናቴ እንሽራሕ፣ አባቴ መትወሊ፣ አምስት ዓመት የሞላው ወንድሜ ሸውቂና እኔ። አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ነው። ሁልጊዜ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ተቀምጦ ይመጣል፤ እኔም ትንሽ ሳለሁ አባቶች ሁሉ ሲደክሙ ቅንድባቸው የሚሸብት ይመስለኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ግን እጁ ላይ አያድርም። ከፋብሪካው በር እስከ ቤታችን ሦስት ሻይ ቤቶች አሉ፤ በሦስቱም ለሰው ይጋብዛል፣ ለጠየቀው ያበድራል፣ ያበደረውን ይረሳል።

ስለዚህ በደመወዝ ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«እስቲ ና ወዲህ ሱልጣኔ» ትለዋለች እጇን ዘርግታ።

«ትንፋሼን ልሰብስብ እንጂ አንቺ ሴት!»

«ትንፋሽህን ያዘው፤ ፖስታውን ነው የጠየቅኩህ።»

«ሲጋራዬስ?»

«የሲጋራህ አይቀርብህም። መጀመሪያ ቤቱ ይቁም።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ የብስኩት ቆርቆሮዋን ትከፍታለች። ያለፉት ወሮች የደመወዝ ፖስታ አይጣልም፤ ሌላ ሥራ አለው። ፊደል ስለማታውቅ በየፖስታው ጥግ ላይ በመርፌና በክር ምልክት ሰፍታለች። የምግቡ ላይ ባቄላ አለ፤ የላምባው ላይ የነደደ ክብሪት፤ የቤት ኪራዩ ላይ ጎባጣ ሚስማር። የመድኃኒቷ ላይ ከኪኒን መጠቅለያ የተቀደደ ብርማ ወረቀት ሰፍታበታለች። ገንዘቡን እያንሾካሾከች ትከፋፍላለች፤ እስክትጨርስ ድረስ በቤታችን አይወራም፣ ሻይም አይጣድም።

በዚያ ዓመት በክረምቱ ብርድ እናቴ መተኛት አበዛች። ያኔ ነው ቆርቆሮው ውስጥ አዲስ ፖስታ ያየሁት፤ ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ ተሰፍታበታለች።

«እማዬ፣ ይሄኛው የምንድን ነው?»

«በጊዜው ታውቂዋለሽ።»

ለእኔ ግን ጊዜ አላስፈለገኝም፤ ወዲያው አወቅኩት። በመከር ከትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ልገባ ነው። እዚያ የሚለበሰው የእኛ የትንንሾቹ ካኪ ሽርጥ ሳይሆን ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ኮሌታ ያለው። እናቴ ልታስደንቀኝ ፈልጋ እንደደበቀችኝ ገባኝና እኔም እንዳላወቀ ሆንኩ። በዚህ ብልጠቴ ብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴ እኅት አክስቴ ደውለት መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ሥር ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ትልቅ ሰዎች ልጅ እጁ ሥራ ላይ ከሆነ ጆሮውም የሚዘጋ ይመስላቸዋል።

«ዋጋውን ጠየቅሽልኝ?» አለች እናቴ።

«ጠየቅኩ። ጨምሯል።»

«ደህናው አቡጀዲ ነው?»

«ደህናው ነው። አምስት ቁራጭ ነው መቼም፤ ከዚያ አይወርድም።»

እኔ በልቤ ቆጠርኩ። ፊት፣ ኋላ፣ ሁለት እጅጌ፣ ኮሌታ። ልክ አምስት።

«የሰፊውስ?» አለች እናቴ።

«ሰፊ ምን ያደርግለታል? ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው።»

እጄ ላይ ያለው ቢላዋ ቆመ። ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ! ኪሱስ ይቅር፤ ያለ ቁልፍ እንዴት አድርጌ ነው ከእነዚያ ልጆች ፊት የምቆመው? አክስቴ ቆጣቢ ናት፣ እናቴን እሷ ናት ያሳሳተቻት ብዬ ተናደድኩባት።

«ከሰው እጅ እንዳይሆን ብቻ፣ ደውለት» አለች እናቴ። «የእናቴን ታውቂያለሽ።»

«ተይው እባክሽ፣ እሱን አታንሺብኝ» አለች አክስቴ፤ ዓይኗንም በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እኔም ነጭ ሽንኩርቱን ይዤ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ያቃጠላት እሱ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን እናቴ በር ላይ አልቆመችም። ከተኛችበት ጠራችኝና ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትከፋፍዪው አንቺ ነሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አያለሁ።»

ነገሩ ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። አባቴም ሳቀና «ሚኒስትራችን ተቀየረች» ብሎ ፖስታውን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የባቄላው ፖስታ ሙሉ ሲሆን የማያልቅ ይመስላል። ለሸውቂ ሃላዋ ገዛሁለት። ለራሴም ገዛሁ። ጎረቤት ያሉት ልጆች ሲያዩኝ ጊዜ ለእነሱም ገዛሁ። የአባቴ ልጅ ነኝ። ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ባቄላው ባዶ ቀረ፤ እኔም ማንም ሳያየኝ ከሚስማሩ ሁለት ፓውንድ ወሰድኩ።

እናቴ በማግሥቱ ፖስታዎቹን አምጪ አለችኝ። አልቆጠረችም። አንድ በአንድ በሁለት ጣቷ ጨመቅ ጨመቅ አደረገቻቸው።

«ሚስማሩ ከስቷል» አለች።

የቆርቆሮውን ክዳን መግጠም ጀመርኩ።

«ሁለት ነው?»

«ሁለት ነው።»

«መልሺው።»

«እማዬ፣ ምን እንበላለን?»

«እሱን ሃላዋውን ስትገዢ ነበር መጠየቅ።»

ስምንት ቀን ዳቦ በጨውና በሽንኩርት በላን። ሸውቂ አለቀሰ። አባቴ «ተዪያት እንጂ፣ ልጅ እኮ ናት» ቢል አልሰማችውም። በአራተኛው ቀን አክስቴ ደውለት የሙሉኪያ ቅጠል ወጥ በድስት ይዛ መጣች፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ ድስቱን መለሰችው።

«ጨካኝ ነሽ እንሽራሕ» አለች አክስቴ። «ባዕድ ነኝ እንዴ?»

«ዛሬ አንቺ ብታመጪላት የዛሬ ዓመት ማን ያመጣላታል?»

እኔ በዚያ ሳምንት እናቴን ጠላኋት። ተኝታ የምታዝ ሰነፍ ሴት መሰለችኝ። አክስቴ ደውለት እናቴ በሆነች ብዬም ለአላህ ነግሬያለሁ። ዛሬ ነው የማውቀው፤ ያ ሰውነት ለስንፍና የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። ሐኪሙ እስከ በጋው አትደርስም ብሎ ለእሷና ለአክስቴ ከነገራቸው ወር አልፎ ነበር። አባቴ አልተነገረውም፤ ቢያውቅ ያለውን ሁሉ ሸጦ በየሐኪሙ ደጅ ይበትነውና ልጆቹ ባዶ ቤት ይቀራሉ ብላ ፈራች። እኔን ልታስተምረኝ የፈለገችው በዓመት የሚማሩት ነገር ነው። የነበራት ጊዜ ግን የአራት ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው ወር ተሻለ። በመጨረሻው ቀን በባቄላው ፖስታ ውስጥ ሠላሳ ቂርሽ ሳንቲም ተርፎ አገኘሁ። እናቴ በጣቷ ጨመቅ አድርጋ ፈገግ አለች።

«የተረፈ የከፋፋዩ ነው» አለችኝ። «የቤቱ ሕግ ነው። እኔም ስበላው ኖሬያለሁ።»

እውነቷን ነው፤ በየወሩ መጨረሻ የተቆላ የዱባ ፍሬ የምናገኘው ለካ በዚህ ሕግ ነበር። ሮጬ ከመንገዱ ማዶ ካለው ከጋሼ ቢሹይ ሱቅ በወረቀት ጥቅልል ገዛሁና አልጋዋ ላይ ተቀምጠን ፈለፈልን። ሸውቂ ልጣጩን ብርድ ልብሱ ላይ እየተፋ ያስቃል። እናቴ አንዲት ፍሬ ወስዳ በጥርሷ ሰነጠቀችና ሳትውጣት አፏ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይዛት ቆየች። «ጨው አሳምረውበታል» አለች። በዚያ ቀን መልሼ ወደድኳት።

አንድ ነገር ግን በየደመወዙ ታዘኝ ነበር። አባቴ ሻይ ቤቱን ፍለጋ እንደወጣ «ከኪኒኑ አምስት ፓውንድ አንሺና ነጩ ላይ ጨምሪ» ትለኛለች። እኔም አነሳለሁ፤ እጨምራለሁ። ብርማ ወረቀቱ የተሰፋበት ፖስታ እየሳሳ፣ አቡጀዲው እየወፈረ ሄደ። ኪኒን እንደቀነሰች አይቻለሁ፤ ስለዚህ እየተሻላት ነው። ሸሚዜም እየቀረበ ነው። እውነቱ ይሄው ነው፦ የእናቴን መድኃኒት በገዛ እጄ እያነሳሁ ወደ ሌላ ፖስታ ስከት ደስ ይለኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲጠና እናቴ መናገር ቀነሰች። አንድ ቀን እጄን ያዘችኝ።

«ነጩን ማንም እንዳይነካው። አባትሽም ቢሆን። በተለይ አባትሽ።»

«እሺ።»

«በሸውቂ ማዪልኝ።»

«ሸውቂን!»

«አክስትሽ ስትጠይቅሽ ብቻ ነው የምትሰጪው» አለችና እጄን ለቀቀችው። እኔም አክስቴ ገበያ ይዛኝ የምትሄድበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሐሙስ ነው። አባቴ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ቤት ሲገባ እናቴ የትራሱን ጥግ ነክሳ ይዛ ነበር። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ የእሷን ድምፅ አይመስልም። ሸውቂ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ጆሮውን ይዟል። አባቴ አልጋው አጠገብ ጥቂት ቆመና ወደ እኔ መጣ። ቅንድቡ ላይ ያለውን ጥጥ እንኳ አላራገፈም።

«ራውያ፣ መድኃኒት ስንት ቀርቷል?»

የኪኒኑን ፖስታ ከፍቼ አሳየሁት። ባዶ ነው። ባቄላው ውስጥ የሦስት ቀን ዳቦ ብቻ አለ። ሚስማሩ ተከፍሏል።

«አንድ ሌላ ነበር እኮ። ነጭ ያለበት።»

«የለም።»

«ልጄ፣ አንድ መርፌ ነው የምገዛላት። ሰባት ፓውንድ ናት።»

«የለም አልኩህ።»

ነበረ። ቀሚሴ ውስጥ፣ ወገቤ ላይ ሸጉጬዋለሁ፤ የፖስታው ጥግ ሆዴን ይወጋኛል። መርፌ ማለቱን አላመንኩትም። ሦስቱ ሻይ ቤቶች ታዩኝ። ነጭ ሸሚዜ ሻይ ሆኖ ሲጠጣ ታየኝ።

«ራውያ፣ እናትሽ እኮ ናት» አለኝ።

«ከጎረቤት መበደር የለም» አልኩት።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታኝም። ቆርቆሮውን አንስቶ ገለበጠው፤ ፖስታዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጥቂት አያቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ብስክሌቱን አወረደና ወጣ።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔም እንደ ሸውቂ ጆሮዬን ያዝኩ። አንዴ ስለቀው ድምፁ አለ፤ አንዴ ስለቀው አለ። ፀሐይዋ ከደፉ ወርዳ እግሬን አቃጠለችኝ፣ ከዚያም አለፈች። በኋላ ስለቀው ድምፁ የለም። ተኛች፣ ተሻላት ብዬ ተነሳሁና ለሸውቂ ዳቦ ቆረስኩለት። አባቴ በወጣ በሁለት ሰዓቱ በእግሩ መጣ። ብስክሌቱ የለም። በእጁ መርፌው በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ከኋላው የሰፈራችን ነርስ ነበረች። ነርሷ ገብታ ወዲያው ወጣች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሴት ከሆንኩ በኋላ፣ ፈልጌ አግኝቼ ጠየቅኳት። «መርፌው አያድናትም ነበር ልጄ፤ ያን አታስቢ» አለችኝ። «ለሥቃዩ ብቻ ነው።» ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው እሱኑ ነው። መድኃኒቷን ቀንሳ ነጩን መሙላት የመረጠችው እናቴ ናት፤ ያን ልቀበልላት እችላለሁ። እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ በሴት ተሞላ። ከፀሐይ መግባት በፊት መቀበር አለባት አሉ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መርፌውን አልለቀቀም። ደረጃው ላይ የጎረቤት ወንዶች ድምፅ ሰማሁ። አንዱ መሐረቡን ዘርግቶ «እስቲ ሁሉም የቻለውን ጣል ያድርግ፣ መትወሊ ምን አለው» ሲል አክስቴ ደውለት እንደ ነብር ወጣች።

«ማንም እጁን ኪሱ እንዳይከት!» አለች። «እሷ የራሷ አላት።»

ተመልሳ ገባችና ፊቴ ተንበረከከች። «ራውያ፣ እናትሽ ያስቀመጠችው አንቺ ጋ ነው አይደል? አምጪልኝ የኔ እናት።»

ቀሚሴን ገልጬ አወጣሁት። በላብ ርሷል። ለቤቱ ሐዘን ሸሚዜን መሥዋዕት እያደረግኩ መሰለኝ፤ እንደ ትልቅ ሰውም ልናገር ሞከርኩ።

«ለእኔ ሸሚዝ ነበር። ግን ውሰጂው፣ ግዴለም። በኋላ ስትገዙልኝ ብቻ ቁልፍ ያለው ይሁንልኝ።»

አክስቴ ካለችበት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፖስታውን ይዛ አየችኝ። ከአጠገቧ የነበረችው ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ያኔ አልገባኝም። የገባኝ በኋላ ነው፣ ነጩ አቡጀዲ ተገዝቶ ሲመጣና ሲቀደድ በበሩ ስንጥቅ ሳይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

አያቴ የሞተች ጊዜ ከፈኗን፣ ሴት የምትገነዝበትን አምስት ቁራጭ ጨርቅ፣ ያገኘችው በመሐረብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው አሉ። እናቴ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። ከዓመት በኋላ ቧንቧው ዘንድ በወረፋ ሲጣሉ አንዲት ጎረቤት «ዝም በይ አንቺ፣ እናትሽ መቃብር የገባችበት ጨርቅ ላይ የኔም አምስት ቂርሽ አለበት» ብላ በሰው ፊት ወረፈቻት። እናቴ ያን ቃል ሃያ ዓመት ይዛው ኖራለች። አክስቴ ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ነጩ ፖስታ ውስጥ ሠላሳ አምስት ፓውንድ ነበር። ለጨርቁ፣ ለአጣቢዋ፣ ለቃሬዛውና ለቀባሪው ተከፈለ። ሁሉንም ዋጋ አስቀድማ በአክስቴ አስጠይቃለች። ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ አክስቴ ኩሽና ውስጥ አገኘችኝና ፖስታውን መለሰችልኝ።

«አንድ ፓውንድ ከሃያ አምስት ቂርሽ ተርፏል» አለች። ዓይኗ አብጧል። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሒሳቡ ያንቺ ነው።»

የተረፈ የከፋፋዩ ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ። ሸውቂን እጁን ይዤ በሴቶቹ መሐል ሾልኬ ወረድኩና ከጋሼ ቢሹይ ሱቅ ገባሁ። የዱባ ፍሬውን ጥቅልሉ ጢም እስኪል ሞላልኝ፤ ገንዘቡን ስሰጠው እጄን ወደ ኋላ ገፋው።

«ዛሬስ አልቀበልሽም ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አለኝ እኮ» አልኩት። «የራሳችን ነው።» ሳንቲሙን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከላይ የሴቶቹ ለቅሶ ይሰማል። ፍሬው ትኩስ ነበር፣ ጨዉም ደህና ነው፤ እኔም ርቦኝ ነበር። ሸውቂ እንደ ልማዱ ልጣጩን ጉልበቱ ላይ ይተፋል። ግማሹን ከበላን በኋላ ቆም አለና አየኝ።

«እማዬ ናት የሰጠችን?»

«አዎ» አልኩት። «ከእሷ የተረፈ ነው።»

«ጨው አሳምረውበታል» አለኝ። ጥቅልሉን እስከ ታች ጨረስነው።